ተረጋግቶ ውሏል

ሰፈርተኛው ሁሉ «ቴፑ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው፤ በክፋት አልነበረም። ሰውዬው ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ጉበን ይነካል፣ ትከሻው በር ይሞላል፣ የኔ የሚለው ንግግር ግን የለውም። የሚናገረው ሌሎች የተናገሩትን ነው፤ ያውም አንድ ቃል ሳያጎድል፣ በራሳቸው በተናጋሪዎቹ ድምፅ። ገና ልጅ ሳለ ሐኪሞች ኦቲዝም እንዳለበት፣ የአእምሮ እድገቱም ውስን እንደሆነ ለእናቱ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን የገባት በራሷ መንገድ ነው፤ «የልጄ ጆሮ ሁሉን ያስገባል፣ ለራሱ የሚሆን መውጫ በር ግን አልሠሩለትም» ትል ነበር።

ሲርበው በእናቱ ድምፅ «ና ብላ ሆዴ፣ ሳይቀዘቅዝብህ» ይላል። መውጣት ሲያምረው የአውቶቡስ ረዳት ይሆንና «ወራጅ አለ? መጨረሻ! መጨረሻ!» ብሎ ይጮኻል። ሲያመው «እስቲ አፍህን ክፈት፣ አይዞህ» ይላል፤ ይህን ያለው ሐኪም ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ይህን ቋንቋ አሳምረው የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እናቱና ታላቅ እህቱ። እናቲቱ በክረምት መግቢያ አረፈችና አንዷ ቀረች።

እሷን «እቴቴ» ነው የሚላት። ቤተኛውም ጎረቤቱም ከእሱ ወስዶ እቴቴ ይላታል። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ እጅጌ ትገጥማለች። ቀኑን ሙሉ ግራና ቀኝ እጅጌ፣ ግራና ቀኝ እጅጌ። የፋብሪካው ሴቶች «እቴቴ ሰው ስታይ የምታየው ከትከሻው ጀምራ ነው» እያሉ ይስቁባታል። ጠርዛቸው የተሰበረ አዝራሮችን ለቴፑ ታመጣለታለች፤ እሱም በቀለም በቀለም እየለየ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድር ይውላል።

እናቲቱ ከተቀበረች በኋላም በቤቱ ውስጥ መናገሯን አልተወችም። እቴቴ ወጥ ቤት ሆና «እቴቴን ጥራት፣ በሩን ትዝጋ» የሚል የእናቷን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ መጀመሪያ ሳታስበው ሄዳ በሩን ትዘጋ ነበር። ኋላ ለመደችው። እንዲያውም ድምፁ ሲዘገይባት የምትጠብቀው ሆነች።

ግን ሐዘን ሥራ አይሠራም። ቴፑ ብቻውን አይተውም፤ ምድጃ ያበራና ይረሳል፣ በሩ ክፍት ከሆነ መኪና ሳያይ መንገድ ያቋርጣል። ለሦስት ወር ያህል ጎረቤታቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው የዋሉለት። ሰፈሩ «ቲቸር» ነው የሚላቸው፤ ጉልበታቸው ታሞ በዱላ ነው የሚሄዱት። በመጨረሻ ወደየቤቱ ተንከባካቢ የሚልክ አንድ ድርጅት ተራዋ ደርሷል ብሎ ደወለላት። እቴቴ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

ተንከባካቢው አርባ ያልሞላው፣ ንጹሕ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ነው። ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እህት፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፤ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ» አላት በመጀመሪያው ቀን።

ከጠዋቱ አንድ ተኩል ይገባል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይወጣል። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ፋይል ተቀመጠ። በፋይሉ ውስጥ ለየቀኑ አንድ ቅጽ አለ፤ ቅጹ አራት ሳጥን አለው። በልቷል። ታጥቧል። መድኃኒቱን ወስዷል። ተረጋግቶ ውሏል። ማታ ስትመለስ አራቱም ላይ ምልክት ተደርጎ ታገኛለች፤ ወለሉ ተወልውሎ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ። የድርጅቱ አስተባባሪ በወሩ መጨረሻ መጥታ ፋይሉን አገላብጣ «እንዲህ ያለ ቤት የለንም» አለች። ቲቸር ሳይቀሩ «ሰው ወጣልሽ፣ አንቺ ልጅ» አሏት።

በሦስተኛው ወር ነው የከነከናት። ቴፑ ድሮ ውሃ ይወድ ነበር፤ ከመታጠቢያ ቤት ማውጣት ነበር ችግሩ። አሁን በሩ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ይደፍንና እንደ ግንብ ይቆማል። አንዴ እዚያው ቆሞ ሱሪውን አረጠበ። እቴቴ ጠዋት ለተንከባካቢው ነገረችው።

«የእናቱ ሐዘን ነው፤ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ላይ ዘግይቶ ነው የሚወጣው» አላት። አነጋገሩ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነበር። አመነችው።

ከዚያ በሳምንቱ፣ አመሻሽ ላይ፣ ዳቦ እየቆረጠች ሳለ ከጀርባዋ አንድ ዝግ ያለ፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ትንቀሳቀስና እንተያያለን» አለ።

ዞረች። ከወንድሟ በቀር ማንም የለም። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ገለጠች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ የውጭውን በር መቆለፉን አየች። ስትመለስ ቴፑ አንገቱን ደፍቶ አዝራሮቹን እየደረደረ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያው ድምፅ እንደገና ወጣ፤ ከኋላው ደግሞ በአፍንጫ የሚሳቅ አጭር ሳቅ ተከተለ። ሳቁ የወንድሟ አይደለም። እሱ ሲስቅ መላ ሰውነቱ ነው የሚስቀው።

«ማነው እንዲህ ያለህ?» አለችው፣ አጠገቡ ተንበርክካ።

«ማነው እንዲህ ያለህ?» አላት መልሶ፣ በራሷ ድምፅ፣ ከነመንቀጥቀጡ።

ሌሊቱን ዓይኗ አልከደነም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ግን ያስጨነቃት ድምፁ ብቻ አልነበረም። የቴፑ ነገር ቀን የለውም። የትናንቱንና የዛሬ ሃያ ዓመቱን አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ እናቲቱ ምክር ሰምታ አንድ ተቋም አስገብታው ነበር፤ በአራተኛው ወር በገዛ እጇ ሄዳ አወጣችው፤ እዚያ ምን እንዳየች ግን እስክትሞት አልተናገረችም። ይህ ድምፅ የዚያን ጊዜ ድምፅ ቢሆንስ? የሬዲዮ ድምፅ ቢሆንስ? እንዲህ ያለውን ንጹሕ ሰው ሳታጣራ ብትወነጅል እግዜርስ ይወድላታል? ደግሞም፣ እውነት ለመናገር፣ እንዲሆንባት አልፈለገችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ራሱ ጆሮውን ባዳ የሚያደርግበት ጊዜም አለ።

ከዚያ በኋላ በየማታው ትጠብቅ ጀመር። ሾርባውን ትቀዳለታለች፣ ቁጭ ትላለች፣ ትሰማለች። ይመጣል። «ጣትህን ከበሩ አንሳ።» ሌላ ቀን፣ «አልቅስ። ማን ይሰማሃል?» ሌላ ቀን፣ «ቁጠር። መቶ ስትደርስ ነው የምከፍተው።» ከፋብሪካ ባመጣችው የንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፈች ከፍራሿ ሥር አኖረችው። እጇ እየጻፈ ልቧ አይደለም እያለ ሰነበተ።

በመጨረሻ አልቻለችም። ጠዋት ተንከባካቢው ጫማውን ሲያወልቅ፣ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ «ወንድሜ ማታ ማታ ክፉ ክፉ ነገር ይናገራል፤ ከየት ሰማው ይሆን?» አለችው።

ቀና አለ። ፈገግታው አልጠፋም። «የሬዲዮ ድራማ እከፍትለታለሁ፤ ከዚያ ይሆናላ። አጠፋዋለሁ።» ጫማውን ግድግዳው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠና ቀጠለ፤ «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፣ እህት። ይህን ለሌላ ሰው አያውሩት። ድርጅቱ ‹ቤተሰቡ አይመችም› ካለ ተራው ለሌላ ነው የሚሰጠው። ስንት ሰው እየጠበቀ እንደሆነ ያውቃሉ።»

ምክር ይመስል ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነው ሌላ ነገር መሆኑ የገባት።

የዚያን ቀን ማታ ቴፑ ምንም አልተናገረም። በማግስቱም። ራበኝም በእናቱ ድምፅ አላለ፣ የአውቶቡስ ረዳቱም ጠፋ። አዝራሮቹን ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ ይደረድራል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤቱ ጭር አለ። እቴቴ ስትገባ «እንደምን ዋልክ» ትለዋለች፤ ቢያንስ እሷኑ ደግሞ ይመልስላታል ብላ። እጁን አፉ ላይ ይጭናል። በሁለት ጣቱ ከንፈሩን ይቆነጥጣል። ማን እንዲህ እንዳስተማረው ማሰብ ፈራች። ይልቅ ያሰበችው ሌላ ነበር፤ ‹እኔ ነኝ። እኔ ተናግሬ ነው። የሰማሁትን ለራሱ ለባለቤቱ ሄጄ ነገርኩት።› ቅጹን አየችው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አራተኛው ሳጥን አጠገብ በብዕር አንድ ቃል ተጨምራለች፤ «በጣም።» በጣም ተረጋግቶ ውሏል።

እሑድ ዕለት የድሮው ቆርቆሮ ባልዲ አፈሰሰና እቴቴ ገበያ ሄዳ አዲስ የላስቲክ ባልዲ ገዛች። ደማቅ ቢጫ። ረቡዕ ማታ ወንድሟ ፊት ሾርባውን አስቀምጣ ልትቀመጥ ስትል ያ ዝግ ያለ ወፍራም ድምፅ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለሰ።

«ቢጫው ላይ ቁጭ በል። ቁጭ አልኩህ።»

ማንኪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በዚያ ተቋም፣ የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ ይህ ባልዲ አልነበረም። በሬዲዮም የለም። ባልዲው እዚህ ቤት ከገባ ሦስት ቀኑ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው ለካ፣ ከቀለሙ ጋር።

ጠዋት ምን ታድርግ? ከሥራ ቀርታ ቤት ብትውል ሰውዬው እንደ ማር ይጣፍጣል። ብትከሰው ማስረጃ የላትም፤ ምስክሯ ያው ራሱን ለማስረዳት የማይችል ወንድሟ ነው። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ከሆነ ሰው ጋር በቃላት አይገጠምም። ስለዚህ በሕይወቷ ካደረገችው ሁሉ የከበዳትን አደረገች። በሩን ከፍታ አስገባችው፣ «እንደምን አደሩ» አለችው፣ ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው፣ ጥላው ሄደች፤ ሳይጠብቃት ተመልሳ በዓይኗ ልታይ።

ፋብሪካ ደርሳ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። ፎርማኑ ከኋላዋ መጥቶ የሠራችውን አንስቶ አየው።

«እቴቴ፣ ሁለቱም እኮ ቀኝ ነው። ይህን የሚለብሰው ሰው ሰላምታ ብቻ ነው እንዴ የሚሰጠው?» ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ምነው? ሰው ሞተ?»

«ቤት ልሂድ። እባክህ አሁን ልሂድ።»

«ሂጂ፤ እኔ እሸፍንልሻለሁ።»

አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፤ መንገዱ በሚገዛና በሚሸጥ ሰው ተሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው ቀኑን እንደ ማንኛውም ቀን ይዞት ሲሄድ ማየት አስፈራት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ውሸት ሆኖ ብታገኘው በወንድሟ ቃል ሰው የጠረጠረች ክፉ ሴት ናት። እውነት ሆኖ ብታገኘው ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጇ በር ከፍታ ስታስገባ የኖረች እህት ናት። የትኛው እንደሚብስ ሳትወስን እግሯ ይዟት ሄደ።

ቁልፏን አስገባች። ይዞራል፣ በሩ ግን አይከፈትም፤ ከውስጥ መቀርቀሪያው ተጥሏል። ልታንኳኳ እጇን አነሳችና ተወችው። ቤቱን ዞራ በጓሮ በኩል ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ተጠጋች።

ተንከባካቢው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ይበላል። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፎ ያያል፤ ሁለቱም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ። በአፍንጫው ሳቅ አለ። ከእሱ ጀርባ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ፣ አንዱ ወንበር መደገፊያው ከእጀታው ሥር ገብቶ በሩን ወጥሮ ይዞታል። የመብራቱ ማብሪያ ከውጭ ነው፤ ጠፍቷል። በዚያ ክፍል መስኮት የለም።

ልትጮኽ አፏን ከፍታ በገዛ እጇ ደፈነችው። ብትጮኽ ሰውዬው ወንድሟ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ነው የሚቀረው፤ እሷ ከብረት መስኮቱ ውጭ ናት። ስልኳን አወጣች። የመጀመሪያው ፎቶ የገዛ ጣቷን ነው ያነሳው። ሁለተኛው ተወዛወዘ። ሦስተኛው ላይ ወንበሩ፣ በሩና ሰውዬው አንድ ላይ ገቡ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሮጠች።

«ቲቸር፣ ይነሱልኝ። ምንም አይጠይቁኝ።»

ቲቸር አልጠየቁም። ዱላቸውን አንስተው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ እቴቴ አይታ በማታውቀው ፍጥነት ተከተሏት። መስኮቱ ላይ ዓይናቸውን አሳረፉ። «አየሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን አንኳኪ።»

አንኳኩ። ከውስጥ የወንበር መንሸራተት ተሰማ፣ የውሃ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሳ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ቆሟል። «እንዴ፣ እህት! በሰላም ነው?»

እቴቴ በብብቱ ሥር አልፋ ገባች። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አበራች። ቴፑ ቢጫው ባልዲ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ ያን ያህል ቁመቱን ልጅ አሳክሎ። እጁ ጆሮው ላይ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ስልሳ ስምንት። ስልሳ ዘጠኝ።»

ቀና ብሎ አላያትም። መቶ አልደረሰም። በሩን ዞራ ስታይ ከውስጥ በኩል ቀለሙ ተፍቋል፤ የተቀመጠ ሰው እጁ በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ በቀጭን በቀጭን መስመር። ያንን መላጣ ስፍራ ከዚህ በፊት አይታው ነበር። እርጥበት ነው ብላ ነበር።

«ጨለማ ያረጋጋዋል» አለ ተንከባካቢው ከኋላዋ። «እናንተ አታውቁም። ከድምፅና ከብርሃን ማረፍ ይፈልጋል።»

«ወንበሩስ?» አሉ ቲቸር።

ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። እጅጌውን ጠቀለለ፤ ክንዱ ላይ የጥርስ ጠባሳ አለ። «በሁለተኛው ሳምንት ነው የነከሰኝ። ታውቃላችሁ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው? ብቻዬን ነኝ። ሁለት ቀን አሠልጥነው፣ ፋይል አስይዘው ላኩኝ። እሱ ሲነሳ እኔ ነኝ የምፈራው! ፈርቼ ነው!»

እቴቴ ሰማችው። እውነቱን እንደሆነም ያወቀች መሰላት፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጣት። የፈራ ሰው እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው፤ ፈርቶ ይዘጋል፣ ዘግቶ ምሳውን ይበላል።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። አንቱታው ከአፏ የጠፋው ሳታውቀው ነው። «ፈራሁ ብትለኝ ኖሮ እኔም እፈራለሁ እልህ ነበር። ቁልፉን አምጣና ውጣ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ። እቴቴ ወለሉ ላይ፣ ከባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ወንድሟ መቶ እስኪደርስ ጠበቀችው። ደረሰ። ያኔ በራሱ ተነሳና እጇን ያዘ።

አስተባባሪዋ በሦስተኛው ቀን መጣች። መልካም ሴት ናት፣ ደክሟታል፤ ቦርሳዋ የሌሎች ቤቶችን ፋይል ተሸክሟል። ሻይ ቀረበላት፤ ፋይሉን ገለጠችና ግንባሯን አሸች።

«እህቴ፣ በየቀኑ ሙሉ ነው። ከሁሉም ቤቶች የተሻለ ውጤት የነበረው ይሄ ነው።»

እቴቴ ፎቶውን አሳየቻት። የንድፍ ወረቀቱንም ዘረጋችላት። ሴትዮዋ አንብባ ወደ ቴፑ ዞረች። «የኔ ጌታ፣ ምን አደረገህ?» አለችው። ቴፑ ሰማያዊ አዝራር ከፍ አድርጎ አየና «መጨረሻ! መጨረሻ! ወራጅ አለ?» አለ።

አስተባባሪዋ ተነፈሰች። «ይህን ለኮሚቴ ባቀርበው ወንበርና በር ነው የሚታየው ይላሉ። በእርግጥ ሰውዬውን ከዚህ ቤት እናነሳዋለን። ሌላ ቤት እናዛውረዋለን።»

«የማን ቤት?»

«እ?»

«የማን ቤት ነው የምታዛውሩት? እዚያ ያለው ሰው ይናገራል?»

አስተባባሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ አንድ ፋይል አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። «አይናገርም» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ሊቀር ሲል።

እቴቴ ተነሳች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ነይ።» መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ ወሰደቻት። «ባልዲው ላይ ተቀመጪ። መብራቱን አጠፋለሁ። መቶ ቁጠሪ።»

አስተባባሪዋ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ገብታ ተቀመጠች። እቴቴ በሩን ዘጋች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ወንበሩን ወሸቀች። ውስጡ ጸጥ አለ። ከዚያ የመዳሰስ ድምፅ መጣ፤ ጥፍር በሩን ሲነካ። «በቃ» አለ ድምፁ፤ «ክፈቺው፣ በቃኝ።» ሠላሳ እንኳ አልሞላም ነበር። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ብዕሯን አወጣች። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። «ቀኖቹን ሁሉ።»

ነገሩ ሁለት ወር ፈጀ። ተንከባካቢው መጀመሪያ ታገደ፣ ኋላ ተሰናበተ፤ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ሄደ። ቲቸር ኮሚቴ ፊት ዱላቸውን ተደግፈው መሰከሩ። ሰውዬው የሁለት ቀን ሥልጠናውን አነሳ፤ ኮሚቴውም ሳይወድ ያንን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ አዲስ ሰው ሲልክ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ያውለዋል። ሁለት ወሩን እቴቴ የደንብ ልብስ ጨርቅ ቤት እያስመጣች ሰፋች፤ ፎርማኑ ነው ያመቻቸላት። የመታጠቢያ ቤቱን በር አናጢ ጠርታ አስነቀለችው፤ መጋረጃ አደረገችበት። ቴፑ ያንን መጋረጃ ራሱ ገልጦ እስኪገባ አምስት ወር ፈጅቶበታል።

አዲስ የተላከችው ተንከባካቢ የሁለት ልጆች እናት ናት። የመጀመሪያ ቀን ቴፑን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ለእቴቴ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ፈራሁ» አለቻት። እቴቴ አቀፈቻት። እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው ሳምንት በጭንቅ ነው ያለፈው፤ ፋብሪካ ሆና ልቧ ቤት ነው፣ ስልክ ሲጮኽ ትደነግጣለች። ያ ዝግ ያለ ድምፅም ፈጽሞ አልጠፋም። ሁለት ሳምንት ዝም ይልና አንድ ቀን በምሳ መሐል ብቅ ይላል። በቴፑ ጆሮ የገባ አይወጣም። እቴቴ ይህን ታውቃለች፤ ከእሱ ጋር ለመኖር ተስማምታለች ማለት ግን አይደለም።

በዓመቱ ድርጅቱ ቀድመው ሳያስታውቁ ድንገት የሚመጡ ጎብኚዎችን ከቤተሰቦች መሐል መረጠ። አስተባባሪዋ ደወለችላት። እቴቴ መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እጅጌ ገጣሚ ነኝ» ብላ ነበር። ከዚያ ያንን ያልተነገራትን ቤት፣ የማይናገረውን ሰው አሰበች። እሺ አለች።

አሁን በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ማታውቃቸው ቤቶች ትሄዳለች። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥታ ደወል ተጫነች። የከፈተችላት ተንከባካቢ ወጣት ናት፤ መታወቂያዋን አየችና ቶሎ ብላ ፋይሉን አመጣችላት።

«ሁሉም ተሞልቷል» አለች።

«በኋላ አየዋለሁ» አለች እቴቴ።

ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የወረቀት ጠርዝ በቀጭኑ ትቀድዳለች። ቀና አላለችም። እቴቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ከእሷ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትታ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ተንከባካቢዋ ቆማ ታያት ነበር። «ምን ልርዳዎት? ምን ፈልገው ነው?»

«እኔም ገና አላውቅም» አለች እቴቴ። «እዚሁ ትንሽ ልቀመጥ። አንቺም ነይ፣ ተቀመጪ።»

ወጣቷ አመነታች፤ ከዚያ መጥታ ተቀመጠች። እቴቴ ከአንዷ ወደ አንዷ እያየች፣ ማን ማንን እንደሚፈራ እየፈለገች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ቆየች።